ፓራሊዮው አይደለም፣ ቦኮላው ነው

ለቡ መብራት ኃይል፣ ከቤታችን በር ፊት ለፊት፣ አባቴ መኪናውን የሚያቆምበት ቦታ ላይ አንድ ጥቁር ክብ አለ። መጀመሪያ የስኒ ማስቀመጫ ያህል ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የእንጀራ ምጣድ አክሏል። መኪናዋ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ በዕድሜ ከእኔ ትበልጣለች። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ጠዋት ጠዋት መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ጎንበስ ብሎ የመኪናዋን ሆድ ማየት ነው።

የሚፈሰው የካምቢዮ ዘይት ነው። የካምቢዮ ዘይት ክፋቱ ሲያልቅ አለመናገሩ ነው። የሞተር ዘይት ሲጎድል ዳሽቦርድ ላይ ቀይ መብራት ይበራል፤ የእኛዋ ካምቢዮ ግን እንዲህ ያለ መብራት የላትም። ጥርሶቹ በደረቁ እየተፋጩ ይቆዩና አንድ ቀን ማርሹ አልገባም ይላል። ያኔ ወጪው የዘይት መሆኑ ይቀርና የካምቢዮ ይሆናል። አንድ ጋራዥ በስድስት ወር ውስጥ ሁለቴ ዘይት መከላከያውን ቀየረልን፣ ሁለቴም ከሳምንታት በኋላ ክቡ ተመልሶ መጣ። ለሦስተኛ ጊዜ ስንሄድ “ሽጧትና ተገላገሉ” ተባልን። አባቴ ለሁለት ቀን ያህል አላዋራኝም፤ ያልኩት እኔ ሳልሆን እነሱ ናቸው እኮ።

እንዲህ ሆኖ ነው ሰፈራችን ውስጥ ኮንቴይነር ላይ ወደሚሠራ አንድ ሽማግሌ መካኒክ የሄድነው። ሰው ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው ልበላቸው። ጋሼ ካርቶን አነጠፉ፣ ከመኪናዋ ሥር ገቡ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ረጅም ዘንግ በእጃቸው ይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ነቀነቁት። ቀጭ ቀጭ አለ። ከዚያ ከሥር ሆነው፦

“ልጄ፣ ፓራሊዮው አይደለም። ቦኮላው ነው የተበላው። ቦኮላው ሳይቀየር መቶ ፓራሊዮ ብታስገባ ይበላዋል።”

እኔ ኢንጂነሪንግ ተመርቄያለሁ። አሁን ኮድ እየጻፍኩ ነው የምኖረው፣ ግን ቢያንስ ስለ ዘንግና ስለ ሰበቃ ፈተና ጽፌ አልፌያለሁ። ሆኖም ከዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ የገባኝ “ልጄ” እና “አይደለም” ብቻ ነበር። አባቴ ግን ገብቶታል። ፊቱ ላይ ለወራት ያላየሁት ነገር መጣ፤ ያ ዓረፍተ ነገር መኪናዋ አልሞተችም ማለት ነበርና።

ነገሩ ሲብራራ እንዲህ ነው። የሚሽከረከረው ዘንግ ከካምቢዮው ጭራ በሚወጣበት ቦታ ሁለት ነገር አለ። ወደ ውጭ በኩል ያለው ፓራሊዮ ነው፦ ቀጭን የላስቲክ ከንፈር ያለው ቀለበት። ከንፈሩ ላይ ትንሽ ጥምዝ ሽቦ ተጠምጥሞበት ዘንጉን ዙሪያውን አቅፎ ይይዛል፣ ዘይት እንዳይወጣ። ከእሱ ትንሽ ወደ ውስጥ ደግሞ ቦኮላ አለ፣ ዘንጉ ተደግፎ የሚዞርበት ለስላሳ የብረት ቱቦ። ፓራሊዮ ዘይት ይይዛል እንጂ ዘንግ አይይዝም። ቦኮላው ሲበላ ዘንጉ መሃሉን ለቅቆ ይወዛወዛል፣ የላስቲኩ ከንፈር ደግሞ ከትንሽ ውዝዋዜ በላይ መከተል አይችልም። በአንድ በኩል ይከፈታል፣ በሌላው በኩል ይፈጨዋል። አዲስ ብታስገባም ያው ነው። በእኛ ሙያ ኤረሩ የሚታይበት መስመርና ስህተቱ ያለበት መስመር ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። ያኛው ጋራዥ ሁለቴ የጠገነው ኤረሩን ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ያደረግሁት ግን ስለ ካምቢዮ ማንበብ አልነበረም። ቃላቱን ነው ያሳደድኩት። ፓራሊዮ በጣሊያንኛ ፓራኦሊዮ ነው፤ “ፓራ” መመከት፣ “ኦሊዮ” ዘይት። ዘይት የሚመክት። ፓራፋንጎ ደግሞ ጭቃ የሚመክት። ኩሽኔታ “ትንሽ ትራስ” ማለት እንደሆነ ታውቁ ነበር? ዘንጉ ጋደም የሚልባት ትራስ። ባሌስትራ የድሮ ጦረኛ ቀስት ነው፣ ቅርጹን አስቡት። ካንዴላ ሻማ፣ ማርሚታ ድስት፣ ካምቢዮ ለውጥ፣ ሰሚያስ ግማሽ ዘንግ። ካቻቢቴ የሚለውን ስደርስበት ብቻዬን ሳቅሁ፤ ብሎን አባራሪ እንደማለት ነው። እነዚህን ቃላት ሕይወቴን ሙሉ ስሰማ ኖሬያለሁ፣ ግን ትርጉም ያላቸው አይመስለኝም ነበር። የጋራዥ ድምፅ ብቻ ይመስሉኝ ነበር።

ጥያቄው፣ የጃፓን መኪና ሆድ ውስጥ ይህን ሁሉ ጣሊያንኛ ማን ከተተው?

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከጣሊያንኛ ጋር አልገባም። የመጀመሪያዋን በ1900 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ያመጣት ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ ከጅቡቲ ተነስቶ መንገድ በሌለበት አገር አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ በጀርመን መኪና ተከተለው። በዚያ ዘመን የማሽን ቋንቋ ከሁሉ በፊት ፈረንሳይኛ ነበር፣ ምክንያቱም ባቡሩ የፈረንሳይ ነው። ሐዲዱ በ1895 ድሬዳዋ፣ በ1909 ደግሞ አዲስ አበባ ደረሰ፤ ለገሃርም ስሙን ያገኘው “ባቡር ጣቢያ” ከሚለው ፈረንሳይኛ ነው። ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው የባቡር ወርክሾፕ ብዙ ኢትዮጵያውያን ብረት የቀጠቀጡበትና የገጠሙበት ትምህርት ቤት ነበር። ከዚያ ወገን የቀሩን ቃላት “ጋራዥ” እና “ሹፌር” ናቸው። ሹፌር፣ በነገራችን ላይ፣ መጀመሪያ ትርጉሙ እሳት የሚያነድ ማለት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ስታዩት መኪናውን የሚነዳው ሰው ፈረንሳይኛ ነው፣ የሚነዳው ነገር ግን፣ ከመኪና ከሚለው ቃል ጀምሮ፣ ጣሊያንኛ።

ለውጡ የመጣው በጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም. ሚያዝያ ማርሻል ባዶሊዮ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ የተንቀሳቀሰው ከ1,500 በሚበልጡ ተሽከርካሪዎች ነበር። ጣርማ በር ላይ ጭቃውና በወገን ጦር የተቆረጠው መንገድ አዘገየው እንጂ አላስቆመውም፤ ሚያዝያ 27 ከተማይቱ ገባ። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት መኪኖች ቢበዛ ጥቂት መቶዎች ነበሩ። በአምስት ዓመቱ ወረራ ግን ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪኖች በብዛት ገቡ፣ ለእነሱም መንገድ ተቆረጠ፣ የጣርማ በር ዋሻም ያኔ ተቦረቦረ። ለእያንዳንዱ መኪና ደግሞ ብሎን የሚፈታ እጅ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ነው የሚከብደኝ። ያ መንግሥት ለኢትዮጵያውያን ትምህርት ሊሰጥ አልመጣም። ከተማዋን ለነጭና ለጥቁር ከፍሎ ያቀደ፣ መርካቶን “የአገሬው ገበያ” ብሎ ከአራዳ ለይቶ ወደ ምዕራብ የገፋ፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ አበባን በደም ያጠበ መንግሥት ነው። መካኒክነትን የወሰድነው በተማሪ ወንበር ተቀምጠን ሳይሆን ቁልፍ እያቀበልን ነው። “ኪያቤ!” ሲባል ትክክለኛውን ቁልፍ ያላቀበለ ረዳት ምን እንደሚያገኘው መገመት አይከብድም። ቃሉ ወደ አእምሮ የገባው በዚያ መንገድ ይመስለኛል፤ ለዚህም ነው ሳይተረጎም የቀረው። ለመተርጎም ጊዜ የሚሰጥህ ጌታ የለም።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ሲመለስ እንግሊዞች ብዙ ተሽከርካሪና ማሽን እየነቀሉ ወሰዱ። የጣሊያን ዜጎችም አብዛኞቹ ወደ አገራቸው ተላኩ። ጥቂቶች ግን ቀሩ፣ ንጉሠ ነገሥቱም ባለሙያዎቹ እንዲቀሩ ይፈልጉ ነበር። በ1934 ተግባረ ዕድ ሲከፈት መንግሥት ሙያውን በትምህርት ቤት ለማስገባት ሞከረ። ያም ሆኖ ከመማሪያ ክፍሉ ይልቅ ጋራዡ ብዙ ሰው አስተማረ ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ጋሼ ራሳቸው በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው ረዳት ሆነው የገቡት። ያስተማራቸው ሰው ጎንደሬ ነበር፣ እሱን ያስተማረው ደግሞ ከሽንፈቱ በኋላ እዚሁ የቀረ አንድ ጣሊያናዊ። ማለትም በጋሼና በዚያ ጦር መካከል ያለው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ሁለት ሰው!

ቃላቱ እንዳይሞቱ ያደረገው ደግሞ ራሱ ፊያት ነው። ሴይቼንቶ ታክሲዎች አዲስ አበባን ሲያዳርሱ፣ ኤንትሬ የጭነት መኪና እህሉንም ሲሚንቶውንም ሲያመላልስ፣ የመለዋወጫው ስም ከነመለዋወጫው ነበር የሚመጣው። በደርግ ጊዜ ላዳ ሲገባ እንኳ ነገሩ አልተቋረጠም። ላዳ በሶቪየት ፋብሪካ የተሠራች ፊያት 124 ናት፤ ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ተፈረመ፣ የመጀመሪያዋም በ1970 ወጣች። ሶሻሊዝም መጣ፣ ካምቢዮው ግን ያው የቱሪን ካምቢዮ። ቶዮታ በኋላ አገሩን ሲሞላው ስሞቹ ሁሉ ተይዘው ጠበቁት። ጃፓኖቹ የራሳቸውን ቃል ይዘው ቢመጡም ቦታ አልነበረም።

ስለ ፓራሊዮ ራሱ አንድ ነገር ልጨምር፣ ከታሪኩ ትንሽ ወጣ ይላል ግን ስላልቻልኩ ነው። ይህቺ የላስቲክ ቀለበት መጀመሪያ ቆዳ ነበረች። ጀርመን ውስጥ ዋይንሃይም በምትባል ከተማ ፍሮይደንበርግ የሚባል ቆዳ ፋቂ ድርጅት ነበር፣ ከ1849 ጀምሮ። በ1929 የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅ የቆዳ ገበያውም አብሮ ወደቀ፣ ድርጅቱም ከቆዳው ለማሽን ዘይት መከላከያ መሥራት ጀመረ። ቫልተር ሲመር የሚባል ኦስትሪያዊ የፈጠራት ባለ ሽቦ ቀለበት እዚያ ተመረተች። በ1936 ቆዳው በሰው ሠራሽ ጎማ ተተካ (እነዚህ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። የባዶሊዮ መኪኖች ጣርማ በር ጭቃ ውስጥ የተያዙበት ዓመት ማለት ነው። ጋሼ ይህን ስነግራቸው አልተገረሙም። ድሮ መለዋወጫ ሲጠፋ ከቆዳ ተቆርጦ የተሠራ ፓራሊዮ በዓይናቸው አይተዋል። “በርበሬና ዘይት የለመደ ቆዳ” አሉና ሳቁ።

ወደ ዲኤክሷ ልመለስ። ፓራሊዮው ሶማሌ ተራ ተገኘ። ቦኮላው ግን የትም የለም፤ አንድ ሱቅ “ከነቤቱ ነው የሚሸጠው” ብሎ የአንድ ወር ደሞዝ ጠራብን። ጋሼ ለመከራከርም አልቆሙም። አሮጌውን አውጥተው በጨርቅ ጠቅልለው ቶርኖ ቤት ላኩኝ። ባለሙያው ዘንጉን በካሊፐር ለካ፣ አንድ ቁራጭ ነሐስ መረጠ፣ ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ እጄ ላይ ገና ትኩስ የሆነ ቢጫ ቱቦ አስቀመጠ። ወረቀት ላይ ምንም አልጻፈም።

ለመግጠም ጋሼ የካምቢዮውን ጭራ ፈትተው የፈላ ውሃ ደጋግመው አፈሰሱበት። ለምን? አልኳቸው። “እንዲከፈት” አሉ። ቤት ስገባ አስልቼዋለሁ፦ አልሙኒየም 80 ዲግሪ ያህል ሲሞቅ 38 ሚሊሜትር የሆነ ቀዳዳ ወደ 0.07 ሚሊሜትር ይሰፋል። ቦኮላው ሳይፋቅ እንዲገባ፣ ሲቀዘቅዝም እንዳይነቃነቅ አድርጎ ለመያዝ ይህቺ ታክል ይበቃል። እኔ ቀመሩን ተምሬያለሁ፣ ግን በማንቆርቆሪያ እንደሚሠራ አላውቅም ነበር። ከዚያ ፓራሊዮው ከንፈሩ ዘይት ተቀብቶ፣ ከንፈሩ ወደ ውስጥ ዞሮ፣ በእንጨት ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየተመታ ገባ። ዘንጉ ተመለሰ። ጋሼ ነቀነቁት። ድምፅ የለም።

ሻይ እየጠጣን ሳለ ያሳሰበኝን ነገር አነሳሁ። እነዚህን ቃላት በአማርኛ ብንተካቸውስ? የወራሪ ቃል አይደለም እንዴ? አባቴ ቀደመኝ፤ አያቱ አርበኛ ነበሩና በዚህ ጉዳይ ላይ ቀልድ አያውቅም። “የእሱ ቃል የነበረው እሱ እዚህ እያለ ነው” አለ። ጋሼ ግን ሌላ ነገር ነበር የታያቸው። “ልተካው ብል ለማን እናገረዋለሁ? ሱቁም፣ ቶርኖ ቤቱም፣ ልጁም ቦኮላ ነው የሚለው።” ከመካከላቸው ማን ትክክል እንደሆነ አሁንም አልቆረጥኩም። ልቤ ወደ አባቴ ያዘነብላል። ግን ጋሼ የሚሉት ላይ ኮድ ጽፎ የሚያውቅ ሁሉ ይስማማል፤ አሥር ሺህ ቦታ የተጠራን ስም መቀየር ቀላል አይደለም። ደግሞ ቦኮላ የምንለው ዛሬ ጣሊያናዊው ከሚለው ጋር በድምፅ እንጂ በትዝታ አይገናኝም። የእኛው ቦኮላ በማንቆርቆሪያ የሚገባው ነው።

ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ የፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ አለ፣ በ2009 መስከረም የተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ የሚሄደው። ስሙን ከፈረንሳይኛ አልወሰደም። በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል፣ ሰፈራችንም ቀስ በቀስ ድምፅ በሌላቸው የቻይና መኪኖች እየተሞላ ነው። እውነቱን ለመናገር ጋሼና ቃላቶቻቸው አብረው የሚያበቁ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤታችን የኤሌክትሪክ መኪናውን ኮንቴይነሩ ጋ አቆመ። ከሥሯ ትንሽ ጥቁር ነጥብ አለ። “ይቺ እኮ ዘይት የላትም” አለ ጎረቤታችን፣ ግራ ተጋብቶ። አላት፤ የሞተሩን ፍጥነት ቀንሶ ለጎማው የሚያቀብል ጥርስ አላት፣ ጥርሱም በዘይት ነው የሚሠራው፣ ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሰሚያስ ይገባበታል። ጋሼ ካርቶናቸውን አነጠፉና ገቡ። ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ፣ በጣታቸው ነካ አድርገው አሸተቱት።

“ፓራሊዮ ነው” አሉ ከሥር። “ግን ኩሽኔታውን ሳላይ አልናገርም።”