የተዛነፈ ጥንድ እርማት፦ የዲኤንኤ ግድፈትና የትልቁ አንጀት ካንሰር

በእንግሊዝኛ ‹‹ሚስማች ሪፔር›› የሚባለው የህዋስ ተግባር እዚህ ‹‹የተዛነፈ ጥንድ እርማት›› በሚል ስያሜ ቀርቧል። ዲኤንኤ ሁለት ሰንሰለቶች እርስ በርስ ተጠማዘው የሚሠሩት ሞለኪውል ሲሆን፣ ቤዝ ከሚባሉት አራት ‹‹ፊደላቱ›› መካከል አዴኒን ከታይሚን፣ ጓኒን ደግሞ ከሳይቶሲን ጋር ይጣመራል። ህዋስ ለመከፈል ሲዘጋጅ ዲኤንኤውን ይገለብጣል፤ በዚህ ጊዜ አልፎ አልፎ ጓኒን ከታይሚን ትይዩ ይገባል፣ ወይም አንድ ፊደል ይዘለላል፣ አለዚያም ይደገማል። የተዛነፈ ጥንድ የሚባለው እንዲህ ያለው የማይገጥም ጥምረት ነው። ‹‹ጥገና›› በጨረርና በኬሚካል የሚደርሰውን ጉዳት ጭምር የሚያቅፍ ሰፊ ቃል ስለሆነ፣ በግልበጣ የተፈጠረውን ግድፈት ለማስተካከል ‹‹እርማት›› ይበልጥ ይስማማል።

ዝንፉን ማግኘት ብቻውን አይበቃም። የብራና መጽሐፍ የሚያርም ሰው የማይስማሙ ሁለት ቅጂዎች ቀርበውለት የትኛው ዋናው፣ የትኛው ግልባጩ እንደሆነ ካልለየ፣ ግማሹን ጊዜ ትክክለኛውን ፍቆ ስሕተቱን ያጸናል። ይህን እንቆቅልሽ በኬሚስትሪ ደረጃ ከፈቱት ተመራማሪዎች ዋነኛው በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ባዮኬሚስት ፖል ሞድሪች ናቸው። ኢ.ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ ጓኒን፣ አዴኒን፣ ታይሚንና ሳይቶሲን በተከታታይ በሚገኙበት ቦታ ሁሉ በአዴኒኑ ላይ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ያኖራል፤ አዲስ የተሠራው ሰንሰለት ግን ምልክቱ እስኪደረግበት ድረስ ለጥቂት ጊዜ ባዶውን ይቆያል። አራሚዎቹ የሚጠቀሙት በዚህች አጭር ጊዜ ነው፤ ሙትኤስ የተባለው ፕሮቲን ዝንፉን ይይዛል፣ ሙትኤል ከእርሱ ጋር ተጣምሮ ሙትኤችን ያነሣሣል፣ ሙትኤችም ምልክት የሌለውን ሰንሰለት ይቆርጣል፤ ከዚያ ከተቆረጠበት ቦታ ጀምሮ ስሕተቱን እስኪያልፍ ድረስ ያለው ክፍል ተነቅሎ፣ ነባሩን ሰንሰለት መሠረት በማድረግ እንደ አዲስ ይጻፋል። ሞድሪችና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1989 ይህንኑ ሂደት ከህዋስ ውጭ፣ በተጣሩ ፕሮቲኖች ብቻ መልሰው መገንባት ችለዋል፤ በ2015ም ሞድሪች ከቶማስ ሊንዳልና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል። የሰው ህዋስ ለዚህ ሥራ የሜቲሉን ምልክት አይጠቀምም፤ አዲሱን ሰንሰለት የሚለየው በተለይ በግልበጣ ጊዜ በሚቀሩበት ክፍተቶች ነው።

ይህ የባክቴሪያ ጥናት ከሰው በሽታ ጋር የተገናኘው በ1993 እና በ1994 ነው። በሽታው ራሱ ግን ከዚያ በፊት ይታወቅ ነበር፤ ሚቺጋን ውስጥ ይሠሩ የነበሩት የሥነ ደዌ ሐኪም አልድሬድ ዋርቲን ከ1895 ጀምሮ ካንሰር የሚመላለስበትን አንድ ቤተሰብ ሲከታተሉ ነበር፤ የጥናቱ መነሻ የሆነችው ልብስ ሰፊ እንደ ዘመዶቿ በካንሰር እንደምትሞት ነግራቸው ነበር፣ በኋላም በማሕፀን ካንሰር ሞታለች። ሐኪሙ ሄንሪ ሊንች በ1966 ተመሳሳይ ቤተሰቦችን ገልጸው ሲጽፉም የበሽታው ምክንያት ገና አልታወቀም ነበር። ዛሬ በስማቸው ሊንች ሲንድረም የሚባለው ይህ ሁኔታ ኤምኤስኤች2 እና ኤምኤልኤች1 ከተባሉ ዘረመሎች ጉድለት ጋር መያያዙ ሲታወቅ፣ ዘረመሎቹ የሙትኤስና የሙትኤል የሰው አቻዎች ሆነው ተገኙ። በኋላ ኤምኤስኤች6 እና ፒኤምኤስ2 ታከሉ። ቀድሞ ለበሽታው የተሰጠው ‹‹ፖሊፕ የማይበዛበት የዘር የአንጀት ካንሰር›› የሚለው ስም፣ የማሕፀኑን ካንሰር ጨርሶ ስለሚዘነጋ፣ ቢቀር የሚቆጭ አይደለም።

ሁኔታው ያለበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ወላጁ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይወርሳል፤ ሁለተኛው ጤናማ ቅጂ እስካለ ድረስ እርማቱ አይቋረጥም፣ በአንድ የአንጀት ህዋስ ውስጥ ያም ሲጠፋ ግን ግድፈቱ ያለ ከልካይ ይከማቻል። ይበልጥ የሚጠቁት አንድ ፊደል የሚደጋገምባቸው ቦታዎች ናቸው። ለምሳሌ ቲጂኤፍ ቤታ የተባለውን መልእክት የሚቀበለው ፕሮቲን ዘረመል ውስጥ 10 አዴኒኖች በተከታታይ ይገኛሉ፤ በግልበጣ አንዱ ቢዘለልና ባይታረም ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ በሙሉ ይዛባል፣ ፕሮቲኑም ተቆርጦ ይቀራል፤ በዚህም የአንጀት ህዋሱ ‹‹መከፈል አቁም›› የሚለውን ትእዛዝ መስማት ያቆማል።

ነገር ግን እርማቱ የተጓደለበት ዕጢ ሁሉ የዘር ውርስ ነው ማለት አይደለም። ከትልቁ አንጀት ካንሰሮች 15 በመቶ ያህሉ ይህ ጉድለት ሲታይባቸው፣ ሊንች ሲንድረም ያለባቸው ከጠቅላላው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው፤ በአብዛኞቹ ሌሎች ዘንድ የኤምኤልኤች1 ዘረመል በዕድሜ ዘመን፣ በዕጢው ውስጥ ብቻ፣ በሜቲል ተዘግቶ ይገኛል። ስለዚህ ላቦራቶሪ የአራቱን ዘረመሎች ፕሮቲኖች መኖር በማቅለሚያ ሲመረምር ኤምኤልኤች1 ከጠፋ፣ ዘመዶችን ከማስደንገጥ በፊት የጠፋበት መንገድ ይጣራል። ጉድለቱ ግን ለሕክምናም ፍንጭ ሆኗል፦ ያልታረሙት ግድፈቶች እንግዳ ፕሮቲኖችን ስለሚያመነጩ የሰውነት መከላከያ ዕጢውን ለመለየት ይቀለዋል፤ በዚህም ምክንያት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ይህንኑ መከላከያ የሚያግዘውን ፔምብሮሊዙማብ የተባለ መድኃኒት፣ ከየትኛውም የሰውነት ክፍል ቢነሡም ይህ ጉድለት ላለባቸው የተዛመቱ ካንሰሮች እንዲሰጥ ፈቅዷል።