ስንት ዓመት ወይስ የት ደረሰ? የሰው ልጅ የሕይወት ደረጃዎች በቦረና ገዳ

የትርጉም ሥራ ላይ የተሰማራ ሰው ከብዙ አስቸጋሪ ቃላት ጋር ይታገላል። እኔን ግን አንድ ቀን ያሸነፈኝ ከሁሉም ቀላል የመሰለኝ ጥያቄ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት እዚሁ ናይሮቢ፣ ከሞያሌ ወገን ለመጡ አንድ የቦረና አዛውንት የእንግሊዝኛ ቅጽ እሞላ ነበር። አዛውንቱ አማርኛ አሳምረው ይናገራሉ። «አባቴ፣ የተወለዱት መቼ ነው?» ስላቸው፣ ሳያመነቱ «ጃልዴሳ ሊበን አባ ገዳ በነበሩበት ዘመን ነው» አሉኝ። ቀኑንና ወሩን ደግሜ ጠየቅሁ። እሳቸውም ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ስንት ዓመት እንደኖርሁ አጥብቃችሁ ትጠይቁኛላችሁ፤ የት እንደደረስሁ ግን የጠየቀኝ የለም» አሉ። በመጨረሻም የልደት ቀናቸውን ለማያውቁ ሰዎች እንደሚደረገው ሁሉ፣ በቅጹ ላይ «ጃንዋሪ 1» ተብሎ ተጻፈ።

ያ መልስ ከአእምሮዬ አልጠፋም። የሰው ልጅ ከልደት እስከ እርጅና የሚያልፍባቸውን ደረጃዎች በተለምዶ የምንለካው በአካል ለውጥና በዓመት ቁጥር ነው። ሕፃን፣ ልጅ፣ ጎረምሳ፣ ጎልማሳ፣ ሽማግሌ እንላለን፤ አንዱ አብቅቶ ሌላው የሚጀምርበትን ድንበር ግን አጥርተን አናውቀውም። በገዳ ሥርዓት ግን ድንበሩ ሕግ አለው። አንድ ሰው ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በሕዝብ ፊት፣ በሥርዓት፣ ከእኩዮቹ ጋር ነው። በየደረጃው የሚጠበቅበትም የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ ሥርዓቱ ምን እንደሚመስል፣ ሕጉ ከሰው አካል ጋር የተጋጨ ጊዜ ምን እንደተከተለና ምን ዋጋ እንዳስከፈለ ባጭሩ ለማሳየት ይሞክራል።

ከዳበሌ እስከ ገዳሞጂ

ስለ ገዳ በጽሑፍ ከደረሱን ቀደምት ምስክርነቶች አንዱ፣ በጋሞ ይኖር የነበረው ካህን አባ ባሕርይ እ.ኤ.አ. በ1593 ገደማ በግእዝ የጻፈው ድርሳን ነው። ባሕርይ የጻፈው በጦርነት ዘመን፣ ከተቃራኒ ወገን ሆኖ ነው። ያም ሆኖ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን የሚረከቡትን ሉባዎች በስማቸው በተራ መዝግቧል። ከዚያም የገዛ ወገኖቹ በቁጥር ብዙ ሆነው ሳለ ለምን እንደተሸነፉ ይጠይቃል። መልሱ የሚያስደንቅ ነው፦ የእኛ ሰው በዐሥር ወገን የተከፈለ ነው፤ ዘጠኙ ወደ ጦርነት አይወጣም፤ በወዲያኛው በኩል ግን ሁሉም ለጦርነት የሠለጠነ ነው ይላል። በሌላ አነጋገር፣ አንዱ ማኅበረሰብ ግዴታን የሚያከፋፍለው በሙያና በማዕረግ ሲሆን፣ ሌላው በሕይወት ደረጃ መሆኑን ካህኑ ከ400 ዓመታት በፊት ልብ ብሎታል ማለት ይቻላል።

የደረጃዎቹ ስምና ቁጥር ከአንዱ የኦሮሞ ጎሣ ወደ ሌላው ይለያያል። እዚህ የምከተለው የቦረናን ነው፤ ሥርዓቱ በሌሎች ብዙ አካባቢዎች ሲዳከም በቦረናና በጉጂ ሳይቋረጥ ቆይቷልና። በኤርትራ የተወለዱት ምሁር አስመሮም ለገሰ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት ስለ ገዳ በሚያትት መጽሐፋቸው በሰፊው ያጠኑትም ይህንኑ ነው።

ደንቡ ሳይዛነፍ የሚሄድለት ልጅ እስከ 8 ዓመቱ ዳበሌ ይባላል። ፀጉሩ አይቆረጥም፤ እንደ ቅዱስ ይታያል፤ በሰውና በፈጣሪ መካከል እንዳለ አማላጅ ይቆጠራል፤ ቁጣና ቅጣትም አይደርስበትም። ከዚያ በሥርዓት ተላጭቶ ጋሜ ይሆናል። ቃሉ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ እኛም ጋሜ የምንለው የልጅነት የፀጉር አቆራረጥ ነው። ትንሹ ጋሜ እስከ 16፣ ትልቁ ጋሜ እስከ 24 ዓመት ይዘልቃል። ቀጥሎ ያለው ኩሳ እስከ 32 ዓመት ሲሆን፣ የወደፊት መሪዎች በዚህ ጊዜ ይመረጣሉ። ከዚያ ራባ ዶሪ የሚባለው የ13 ዓመት ደረጃ ይመጣል። 45 ዓመት ሲሞላ ገዳ ይደርሳል፤ ለ8 ዓመታትም ማኅበረሰቡን የመምራት ተራ ነው። ከ53 እስከ 80 ዓመት ዩባ ተብሎ አማካሪ ይሆናል። በመጨረሻም ገዳሞጂ ይባላል።

ገዳሞጂ እንደገና ቅዱስ ነው። መሣሪያ አይዝም፣ አይገድልም፤ ፀጉሩም እንደ ዳበሌው የተለየ ምልክት አለው። መንገዱ በቅድስና ተጀምሮ በቅድስና ይዘጋል። ትግሉ፣ ክርክሩና ሥልጣኑ ያለው መካከሉ ላይ ነው።

የ40 ዓመት ርቀት

የሥርዓቱ ምስጢር ያለው ግን በደረጃዎቹ ሳይሆን በአባትና በልጅ መካከል ባለው ርቀት ነው። ቦረና ጎጌሳ በሚባሉ 5 ወገኖች ይከፈላል፤ እያንዳንዱ 8 ዓመት ሲመራ ተራው የሚመለሰው በ40 ዓመት ነው። ልጅ ከአባቱ ሁልጊዜ 5 ደረጃ ወደ ኋላ ይቆማል። አዛውንቱ የጠቀሷቸው ጃልዴሳ ሊበን ከ1960 እስከ 1968 አባ ገዳ ነበሩ፤ ልጃቸው ሊበን ጃልዴሳ ኃላፊነቱን የተረከቡት በ2000 ነው። ጃልዴሳን የተኩት ጎባ ቡሌ በ1968 ሲጀምሩ፣ ልጃቸው ጉዮ ጎባ በ2008 ጀመሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።) ተራው በትውልድ ይመለሳል እንጂ ሥልጣኑ እንደ ርስት አይወረስም፤ መሪዎቹ ከተራው ባለቤቶች መካከል ተመርጠው የሚወጡ ናቸው።

ከዚህ ስሌት ሌላም ነገር ይከተላል። ሰውየው 40 ዓመት ሲሞላው የአባትነት ሥርዓት ይፈጽማል፤ የሚወለዱለት ልጆች ዳበሌ ይሆናሉ። አባቱ ደግሞ በዚያው ጊዜ ወደ ገዳሞጂ ይሻገራል። አያት ከዓለም ጉዳይ ሲያርፍ፣ ልጁ አባት ሲባል፣ የልጅ ልጁ ሲወለድ፣ ሦስቱም በአንድ ወቅት ይሆናል። እያንዳንዱ ደረጃ ለሌላው ቦታ ይለቃል።

ሕጉና አካሉ ሲለያዩ

እስከዚህ ድረስ የተመለከትነው የሚያምር ስሌት ነው። ሰው ግን በስሌት አይወለድም። ወንድ ልጅ በ25 ዓመቱም በ70 ዓመቱም መውለድ ይችላል፤ የልጁ ደረጃ ግን የሚወሰነው በአባቱ እንጂ በተወለደበት ቀን አይደለም። በስተርጅና የተወለደ ልጅ ከእናቱ ማሕፀን ሲወጣ ደረጃው አስቀድሞት ሄዷል። ወተት ሳይተው ኩሳ፣ ወይም ጥርስ ሳያበቅል ገዳ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉት ኢልማን ጃርሳ፣ ማለትም የሽማግሌ ልጆች ይባላሉ። ችግሩ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይከማቻል። አስመሮም እንዳሳዩት በጊዜ ብዛት አብዛኛው ሕዝብ ከዕድሜው ጋር በማይገጥም ደረጃ ላይ ተገኘ፤ በዳበሌ ደረጃ የሚገኙ ልጆች ጥቂት ብቻ ሆኑ።

በሌላው ወገን ያለው ዋጋ ከዚህ የከበደ ነበር። የአባትነት ሥርዓት ሳይፈጸም የሚወለድ ወንድ ልጅ ለሥርዓቱ ቦታ የለውም። በቀደመው ዘመን በራባ ደረጃ ያሉ ሰዎች የወለዷቸውን ልጆች ማሳደግ ይከለከሉ እንደነበር፣ ሕፃናቱም ይጣሉ ወይም ለዋታ ማኅበረሰብ ለማደጎ ይሰጡ እንደነበር ጥናቶች ይገልጻሉ። ልማዱ ያለፈ ነው፤ ነገር ግን ገዳን ስናወድስ ልንዘለው አይገባም። የአባቶችን ተራ ያለ እንከን የጠበቀው ሕግ የእናቶችን እቅፍ ባዶ አድርጓል። እናቶቹም ሕጉን በሚያወጡት ሸንጎዎች ውስጥ መንበር አልነበራቸውም።

ቦረናዎች ግን የተዛነፈውን ዝም ብለው አላዩትም። ከገዳ ጎን ለጎን ሀሪያ የሚባል ሌላ አደረጃጀት አቆሙ፤ በዚህ ውስጥ ወጣቶች የሚመደቡት አባታቸው ማን እንደሆነ ሳይጠየቅ፣ በተቀራራቢ ዘመን በመወለዳቸው ብቻ ነው። ጉልበት የሚጠይቀው ተግባር ለሀሪያ ሲሆን፣ የትውልድ ተራው በገዳ ይጠበቃል። አንዱ ሰው በአባቱ በኩል ሽማግሌ፣ በእኩዮቹ በኩል ጎረምሳ ሆኖ ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ሕግ ማሻሻያውም በየ8 ዓመቱ በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ እጅ ነው።

ጎረቤታችን የሆኑት የኬንያና የታንዛኒያ ማሳዮች ይህን ጣጣ የቀነሱት ከመነሻው በተለየ መንገድ ነው። በእነሱ ዘንድ እኩያነት የሚመሠረተው በአንድ ዘመን በመገረዝ እንጂ ከአባት በመቆጠር አይደለም። ዩኔስኮ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ባደረገው ስብሰባ ገዳን በማይዳሰሱ የሰው ልጅ ቅርሶች መዝገብ አሰፈረ። በ2018 ደግሞ እንኪፓታ፣ ኤውኖቶና ኦልንጌሼር የተባሉትን የማሳይ የመሸጋገሪያ ሥርዓቶች አስቸኳይ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ አስገባ።

እኔ ራሴ ዛሬ በአርባዎቹ ውስጥ ነኝ፤ በቦረና ስሌት ከራባ ዶሪ ወደ ገዳ የሚሻገሩበት ዕድሜ ነው። በስደት ከተማ ግን መሻገሬን የሚመሰክርልኝ ሸንጎ የለም፤ ያለኝ ፓስፖርት ላይ የተጻፈ ቁጥር ነው። አባቶቻችንም «ከእንግዲህ ይረፉ» የሚላቸው ሥርዓት ስለሌለ፣ በ80 ዓመታቸውም የልጆቻቸውን የቤት ኪራይ ሲያስቡ ያድራሉ። ልጆቻችን 18 ሲሞላቸው አዋቂ ናችሁ ይባላሉ፤ ምን እንደተረከቡ ግን የነገራቸው የለም። የጥንቱ ሕግ ጭካኔ እንዲመለስ የሚመኝ የለም። ነገር ግን ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲያልፉ አንድ ነገር መረከብና አንድ ነገር መልቀቅ እንደሚገባ፣ ይህም በሰው ፊት ቢሆን እንደሚሻል፣ ከገዳ መማር ይቻላል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ለአዛውንት ቅጽ ስሞላ የልደቱን ቀን ከጻፍሁ በኋላ፣ ቅጹ ባይጠይቀኝም፣ «አባቴ፣ አሁን የት ደርሰዋል?» እላለሁ። መልሱን የምጽፍበት መስመር የለም። እነሱ ግን ብዙውን ጊዜ ቀና ብለው የሚቀመጡት ያኔ ነው።