የረመዷኑ ጦርነት፣ ጡንቸኛው መኪና እና የአዲስ አበባ ታክሲ



ሰሞኑን ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እዚህ ቦንጋ መስጂዱ በር ላይ፣ ባጃጃቸውን አቁመው በስልክ ፊልም በሚያዩ ልጆች ላይ ደረስኩ። «ፋስት ኤንድ ፊዩሪየስ» ነው፤ መኪናዋ ጥቁር ዶጅ ቻርጀር፣ በፈረንጆቹ የ1970 ሥሪት። አንዱ «ኡስታዝ፣ ይቺ ብትኖረን ጅማ ግማሽ ሰዓት አትፈጅብንም ነበር!» አለኝ። «ቤንዚኑንስ ማን ይቀዳላችኋል?» ብዬ አለፍኩ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን የዚያች መኪናና የቤንዚኑ ታሪክ ዞሮ እኛን የኢትዮጵያ ሙስሊሞችንም ይነካል።

አሜሪካኖች «መስል ካር» ይሏታል፤ ጡንቸኛ መኪና እንደማለት። ነገሩ የትልቅ መኪና ሞተር መካከለኛ መኪና ላይ መጫን ነው። ሞተር የማጠናከር ልማዱ ቀደም ይላል፤ ኸምር በድብቅ የሚያጓጉዙ ሾፌሮች ፖሊስ እንዳይደርስባቸው ይጠቀሙበት ነበር። በ1948 የተመሠረተው የናስካር ውድድር ከቀደምት ተወዳዳሪዎቹ አንዳንዶቹን ያገኘው ከእነሱ ነው። ሱብሓነላህ!

ዘመኑን የከፈተችው ግን ፖንቲያክ ጂቲኦ ናት። ጄኔራል ሞተርስ መካከለኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር እንዳይገጠም የራሱ ደንብ ነበረው። ጆን ዴሎሪያንና ባልደረቦቹ ለ1964 ሞዴል 6.4 ሊትሩን ሞተር «ደንበኛ ከፈለገ የሚጨመር» ብለው አሳለፉት። 325 የፈረስ ጉልበት! በዓመቱ ከ32 ሺህ በላይ ተሸጠች። በዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ታክሲ የነበረችው ፊያት ሴቼንቶ ሞተሯ አንድ ሊትር እንኳ አይሞላም።

ከ1970 ወዲህ የኢንሹራንስ ክፍያና የአየር ብክለት ሕግ ጡንቸኞቹን ማድከም ጀመሩ። ከዚያ ረመዷን 10 ቀን 1393 ሂጅሪ፣ በእኛ መስከረም 26 ቀን 1966፣ ግብፅና ሶሪያ የተያዘባቸውን መሬት ለማስመለስ እስራኤልን ገጠሙ። አሜሪካ እስራኤልን ስታስታጥቅ የዐረብ ነዳጅ አምራቾች ነዳጅ ከለከሏት። በርሜሉ 3 ዶላር ገደማ የነበረው በጥቂት ወራት ወደ 12 ተጠጋ። በአሜሪካ ማደያዎች ሰልፉ ረዘመ፤ የአውራ ጎዳና ፍጥነት በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ላይ ተገደበ። ጂቲኦም ከ1974 ሞዴል በኋላ ለረጅም ዘመን ቀረች።

ማዕቀቡ አሜሪካ ላይ ያነጣጠረ ነበር፤ ዋጋው ግን ሁሉም ቤት ገባ። በየካቲት 1966 የኢትዮጵያ መንግሥት ቤንዚን ላይ 50 በመቶ ጨመረ። ያቺ ትንሽ ሴቼንቶ፣ ከጂቲኦ ጋር ስትተያይ መጫወቻ የምትመስለው፣ የብዙ ቤተሰብ እንጀራ ነበረች። የካቲት 11 ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። መምህራንም በራሳቸው ጥያቄ በዚያው ቀን አድማ መቱ። ከተማው ቆመ። በእርግጥ ነዳጅ ብቻውን አብዮት አላመጣም፤ የወሎ ረሃብ ነበር፣ የነገሌ ቦረና ወታደሮችም ቀድመው ተነሥተዋል። ሆኖም መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ ሲቀንስ፣ ጠይቆ ማግኘት እንደሚቻል ሁሉም አየ። የአክሊሉ ሀብተወልድ ካቢኔም በዚያው ወር ወረደ።

በተከፈተው በር አባቶቻችንም ወጡ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 እስከ 100 ሺህ የሚገመት ሰልፈኛ አዲስ አበባን ሞላ፤ ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰለፉ። ጥያቄዎቹ 13 ነበሩ። ለእኔ ከሁሉም የሚከብደው የስሙ ነገር ነው። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» ይሉን ነበር፤ እንግዳ የሆንን ይመስል። «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች ነን» አሉ። በዓሎቻችንም ይታወቁልን ብለው ጠየቁ።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ፣ በ1967፣ ደርግ ዒድ አልፊጥርን፣ ዐረፋንና መውሊድን የሕዝብ በዓል አደረጋቸው። ቦንጋ ላይ ለዒድ ባንኩም ትምህርት ቤቱም የሚዘጋው ከዚያ ወዲህ ነው።