ሰሊጥ ቢሉ ዘይት

የሳዑዲዋ ጂዛን ገበያ ገብቶ «ሰሊጥ» ያለ ሐበሻ የሚቀርብለት ዘር ሳይሆን በጠርሙስ ዘይት ነው። በዚያ አገርና በየመን ሰሊጥ የሚባለው ተጨምቆ የወጣው ዘይት ነው፤ መተማና ሁመራ ላይ ግን ስሙ የዘሩ ነው። እርድም እዚያ ሁርድ፣ ኩል ኩሕል፣ ዝባድ ዘባድ ይባላል። አራቱም የቤት እመቤት ሙዳይ ውስጥና ዙሪያ የሚገኙ ናቸው።

ከእነዚህ ከኛ ወደነሱ የተሻገረው ዝባድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሥ አባ ባጊቦ ዘመን፣ የሊሙ እናርያዋ ሰቃ ትልቅ የዝባድ ገበያ ነበረች። በበረት ከታሰረ ጥርኝ እየተጠረገ የሚወጣው ቅባት በከብት ቀንድ ታሽጎ፣ በጎንደር በኩል ምጽዋ ወርዶ ወደ ጅዳ ይጫን ነበር።

ሰሊጡን ግን ጂዛን ራሷ ታመርታለች። መጭመቂያው «መዕሰራ» ይባላል። ከግንድ የተቦረቦረ ግዙፍ ሙቀጫ ውስጥ ዘሩ ይፈሳል፣ ወፍራም እንጨት ይተከልበታል፣ እንጨቱን ደግሞ ዓይኑ የተሸፈነ ግመል እየዞረ ያዞረዋል። ዓይኑ የሚሸፈነው እንዳያዞረው ነው። ከዘሩ ክብደት ግማሽ ያህሉ ዘይት ስለሆነ ድካሙ ይካሳል። ዛሬ ሞተር ብዙውን ሥራ ቢወስድም፣ በግመል የተጨመቀውን መርጦ የሚገዛ አልጠፋም።

ዘይቱ ለእንጀራ ማባያ ብቻ አይደለም፤ ፀጉርና ቆዳም ይቀባል። በቲሃማ የባሕር ዳር ሜዳና በየመን ሴቶች ሁርዱን በዘይት ለውሰው ፊታቸውን ሲቀቡ ቆይተዋል፤ ፊት ወርቃማ ይሆናል እንጂ አይሸፈንም። በትግራይና በወሎ ሙሽራና አራስ ወይባ የሚሞቁት ለተመሳሳይ ነገር ነው። ጉድጓድ ተቆፍሮ የወይባ እንጨት (አማርኛው አባሎ ይለዋል) ይጨሳል፣ ሴትየዋ ተቀብታ በልብስ ተሸፍና ትቀመጥበታለች፣ ስትወጣ ቆዳዋ ወዝቶና ደምቆ ይታያል።

ፊትን የሚሸፍነው የፋብሪካ መዋቢያ ግን ሌላ ነው። የማክስ ፋክተር ኩባንያ በ1938 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ያቀረበው «ፓንኬክ» የተባለ የፊት መቀቢያ መነሻው የቀለም ፊልም ተዋንያን ነበሩ። በእርጥብ ስፖንጅ የሚቀባ ደረቅ ቁራሽ ነው፤ ፊትን ያለሰልሳል፣ ጉድለትን ይሸፍናል። ደረቅ ቆዳ ላይ ግን እንዲህ ያለው ዱቄት ቅርፊት በተነሣበት ይከማቻል፣ ይሰነጠቃል። ለዚህ ነው ዛሬ ለደረቅ ቆዳ ስስና ፈሳሽ፣ የሚያበራ ፋውንዴሽን የሚመረጠው። ቅባት በቅርፊቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ሲሞላ ብርሃን ብዙም ሳይበታተን ይመለሳል። መጀመሪያ ቅባት፣ ከዚያ ስስ ቀለም፤ የሱቁ ሻጭ ለገዢዋ እንደ አዲስ ነገር ቢነግራትም፣ በጂዛን ያሉት የሳምጣና የአቡ አሪሽ አያቶች ይህን ቅደም ተከተል ያለ ጠርሙስ ያውቁት ነበር።

ጂዛንን ከየመን የለየው ድንበርም ዘግይቶ የመጣ ነው። ሰብያን መቀመጫው ያደረገው የኢድሪሲ ግዛት ካከተመ በኋላ በ1934 እ.ኤ.አ. የጣኢፍ ውል ጂዛንን ለሳዑዲ አጸደቀ፤ አጥሩ ከወረቀቱ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ነው የቆመው። ዛሬ ከኦቦክ ተሻግሮ፣ የመንን አቋርጦ ጂዛን የሚደርሰው የወሎና የትግራይ ወጣት የሚያልፈው በዚያው አጥር ነው።

ወደ መዋቢያው ስንመለስ፣ በጂዛን ሙሽራ ስትዋብ መጨረሻው አበባ ነው። ፉል የሚሉት ነጭ ጃዝሚን ገና እንቡጥ ሳለ ተለቅሞ በክር ይሰካል፤ ሰርጉ ሲደምቅ፣ አመሻሹ ላይ፣ ራሷ ላይ ይፈካል።