ኃይል መላሽ ፍሬን

ቃሉ፦ ሪጄኔሬቲቭ ብሬኪንግ
የአማርኛ አቻው፦ ኃይል መላሽ ፍሬን፤ በአጭሩ መላሽ ፍሬን
ፍቺው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ፍጥነቱን ሲቀንስ ወይም ቁልቁለት ሲወርድ፣ ጎማው ሞተሩን እያዞረ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ወደ ባትሪ የሚመለስበት የፍሬን ዘዴ።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የክፍለ አገሩንም መንገድ ለምዷል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ሆለታንና ጊንጪን አልፎ፣ በቀድሞ ስሟ ሀገረ ሕይወት ወደምትባለው አምቦ ለመድረስ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ መንገድ ላይ አዲሱን መኪና የያዘ ሹፌር አንድ ነገር ያስተውላል። ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፔዳሉ ሲያነሳ መኪናው ፍሬን የተያዘ ይመስል ይቀዘቅዛል፤ አንዳንዴም የባትሪው መቶኛ ከፍ ይላል። ከቻይና የመጡ የአንዳንድ መኪኖች ስክሪን በቻይንኛ ስለሚጽፍ፣ የሆነውን የሚነግረው የለም።

በነዳጅ መኪና ኤሌክትሪክ ላይ የሠራ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ሞተሪኖ ከባትሪ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ ይዞራል፤ ሞተሩንም ያስነሳል። ዲናሞ ደግሞ በቺንጋ እየተዞረ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ባትሪውንም ይሞላል። ሁለቱም የሚሠሩት በማግኔትና በሽቦ ጥቅል ነው። ልዩነታቸው አንዱ ኤሌክትሪክ ወስዶ መዞሩ፣ ሌላው ዞሮ ኤሌክትሪክ መስጠቱ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ሞተር ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ሹፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ ከባትሪው ወስዶ ጎማውን ያዞራል፤ እግሩን ሲያነሳ ግን ኢንቨርተር የሚባለው መቆጣጠሪያ የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ይቀይርና ጎማው ሞተሩን ማዞር ይጀምራል። ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ የተገደደ ሞተር መዞርን ስለሚቃወም መኪናው ይይዛል። ስለዚህ ባትሪውን የሚሞላውና መኪናውን የሚያቀዘቅዘው አንድ ሥራ ነው።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው ሉዊ ክሪገር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በኤሌክትሪክ ሠረገላዎቹ ላይ ሞክሮታል። በ1997 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበው ቶዮታ ፕሪየስ ደግሞ ለብዙኃኑ አድርሶታል።

ለደጋ አገር ግን ጥቅሙ ይለያል። የወንጪን ሐይቅ እንውሰድ። የሐይቁ ዙሪያ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ አምቦ ደግሞ በ2,100 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ሰው ጭኖ ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ያህል ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀቀው ኃይል 5.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ 54 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ አንድ አሥረኛ ነው። የነዳጅ መኪና ሹፌር በከባድ ማርሽና በፍሬን እየያዘ ሲወርድ፣ ከዚህ ውስጥ ጥቂት የማይባለው ሸራና ዲስክ አግሎ በንኖ ይጠፋል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ቁልቁለቱ ራሱ መኪናውን ያንከባልለዋል፤ ለመንከባለል ከሚያስፈልገው የተረፈው ወደ ባትሪ ይመለሳል። ሁሉም አይመለስም፤ ነፋሱ፣ የጎማው ሰበቃ፣ የሞተሩና የሽቦው ሙቀት ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ስለዚህ ቁልቁለቱ ዳገቱ የወሰደውን በሙሉ አይተካም፤ ወጪውን ግን በእጅጉ ያቀልላል፤ የፍሬን ሸራንም ዕድሜ ያረዝማል።

አቻውን ስንመርጥ «ታዳሽ ፍሬን» የሚል ሐሳብ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ታዳሽ ስንል የሚታደሰው ፍሬኑ ወይም ሸራው ይመስላል። «አመንጪ ፍሬን» ወደ እውነቱ ይቀርባል፤ ሆኖም የመነጨው ወዴት እንደሚሄድ አይናገርም። «ኃይል መላሽ» ግን ከባትሪ የወጣው ወደ ባትሪ መመለሱን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል። «ፍሬን» ከጣሊያንኛ የመጣ ቢሆንም እንደ ማርሽ፣ ካንዴላና ፍሪሲዮን ሹፌሩም መካኒኩም የራሱ ያደረገው ቃል ስለሆነ መለወጥ አያስፈልገውም።

የቃሉ ትክክለኛነት የደኅንነት ጉዳይም ነው፤ መላሽ ፍሬን ገደብ አለውና። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት ቦታ ስለሌለ አያያዙ ይላላል። ከፍታ ላይ አድሮ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልቶ በማለዳ ቁልቁለት የሚጀምር ሹፌር ይህን ማወቅ አለበት። ባትሪው በጣም ሲቀዘቅዝም አያያዙ እንዲሁ ይደክማል። መላሽ ፍሬን ድንገት ለመቆም አይበቃም፤ ለዚያ የተሠራው የተለመደው የእግር ፍሬን ነው። ቁልቁለት የሚጠብቀው ሰው ባትሪውን እስከ 80 ወይም 90 በመቶ ብቻ ቢሞላ ለሚመለሰው ኃይል ቦታ ይተዋል። መካኒኩም፣ የመኪናው ሸራ አላለቀም ብሎ የእግር ፍሬኑን ሳይፈትሽ ማለፍ የለበትም፤ ብዙ የማይረገጥ ፍሬን በክረምት እርጥበት ዲስኩ ሊዝግ፣ መያዣውም ሊጣበቅ ይችላል።

አጠቃቀሙ፦ «ባትሪው ሙሉ ስለሆነ መላሽ ፍሬኑ አይዝም፤ በእግር ፍሬን ውረድ።» «መላሽ ፍሬኑን ከፍ አድርገው፣ ቁልቁለት ልንጀምር ነው።»

የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኞች ቁልቁለት በከባድ ማርሽ እንዲወረድ ለዓመታት አስተምረዋል፤ ምክሩም ብዙ ሕይወት የሚጠብቅ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ግን የሚቀየር ማርሽ የለውም፤ ቦታውን የተካው መላሽ ፍሬን ነው። ስለዚህ ቃሉ ከነገደቡ በሥልጠናው ውስጥ ይግባ፤ ሠልጣኙም ፍሬኑ መቼ እንደሚይዝለትና መቼ እንደማይዝለት ተምሮ መሪውን ይጨብጥ።