የድኅረ ወሊድ የጤና ክትትል (ሴንትራል ፓርክ፣ ዴንቨር)

የድኅረ ወሊድ ክትትል እናትና ሕፃን ከወሊድ በኋላ በቀጠሮ የሚታዩበት መደበኛ የጤና አገልግሎት ነው። የዴንቨር ሰፈር የሆነው የሴንትራል ፓርክ ጎረቤት አውሮራ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩባታል።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ልማድ አራስ እስከ ክርስትና፣ ለወንድ 40 ለሴት 80 ቀን፣ ከቤት አትወጣም። አሜሪካ ውስጥ ግን ሕፃኑ ከ3 እስከ 5 ቀን ሲሞላው ሐኪም ዘንድ መቅረብ አለበት። ልብሱ ወልቆ ይመዘናል፤ የቆዳውና የዓይኑ ቢጫነት ይታያል፤ እናቲቱ ስለ ጡት አጠባቧ ትጠየቃለች። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደት መቀነሱ የተለመደ ነው፤ አብዛኛው ሕፃን በሁለት ሳምንት ገደማ ይመልሰዋል።

ዴንቨር በምትገኝበት በኮሎራዶ ግዛት ለምርመራ ከሕፃኑ ተረከዝ ደም ሁለት ጊዜ ይወሰዳል፦ መጀመሪያ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቀጥሎ ከ8 እስከ 14 ቀን። ጠብታዎቹ በወረቀት ላይ ደርቀው ወደ ላቦራቶሪ ይላካሉ። ሁለተኛው በፍጹም መዘለል የለበትም፤ የታይሮይድ ሆርሞን እጥረት በመጀመሪያው ሊያመልጥ ይችላል፣ ቶሎ ከታወቀ ደግሞ በመድኃኒት የአእምሮ ጉዳትን መከላከል ይቻላል።

ከዚያ የሕፃኑ ክትትል በ1፣ 2፣ 4፣ 6፣ 9 እና 12 ወር ይቀጥላል።

እናትም በ3 ሳምንት ውስጥ ሐኪሟን ማነጋገር ይገባታል። የፌዴራል ገንዘብ በሚቀበል ሆስፒታል የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ መጠየቅ መብቷ ነው፤ ዘመድ እንዲያስተረጉም መገደድ የለባትም።