የመቅደላ ሐራጅ

የመቅደላ ሐራጅ የእንግሊዝ ጦር ከዐፄ ቴዎድሮስ አምባ የዘረፈውን ንብረት ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. በደላንታ ሜዳ በዋናነት ለራሱ መኮንኖችና ወታደሮች የሸጠበት ጨረታ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 6 ከሞቱ በኋላ ምርኮው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ደረሰ። ከዋነኞቹ ገዢዎች አንዱ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሪቻርድ ሆልምስ ነበር፤ የሽያጩም ገንዘብ ለወታደሮቹ ተከፋፈለ።

ዕቃዎቹ በገንዘብ ስለተገዙ የገዢዎቹ ሕጋዊ ንብረት ናቸው የሚሉ አሉ። ሐራጅ ግን መብት የሚያስተላልፈው ሻጩ መብት ሲኖረው ነው፤ በደላንታ ሻጩ ዘራፊው ጦር ነበር፤ ገዢዎቹም በአብዛኛው የጦሩ ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ዕቃዎቹም ይመሰክራሉ፦ የካቲት 2016 ዓ.ም. በኒውካስል ለጨረታ የቀረበው ጋሻ አምባው የተያዘበት ቀን ተቀርጾበታል፤ ኢትዮጵያ ጠይቃ ከጨረታው ወጣ። በ2013 ዓ.ም. በእንግሊዝ በብሪድፖርት ከተማ ከጨረታ የወጡት በቆዳ የተለበጠ መጽሐፍ ቅዱስና የቀንድ ዋንጫዎችም ለአገራቸው ተመልሰዋል። ኢትዮጵያ ቅርሷን መጠበቅ አትችልም የሚለው ሙግትም አይጸናም፤ በአዲስ አበባ በጉለሌ ክፍለ ከተማ የእንጦጦ ማርያም ቤተ መዘክር የዐፄ ምኒልክንና የእቴጌ ጣይቱን ንብረት ጠብቆ ለጎብኚ ያሳያል። ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት ግን ለዕይታ ሳይቀርቡ ዛሬም በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛሉ።